ባለ አንድ ተኩል ጆሮ አህያ

ከወልድያ የተነሣሁት አንዲት የጨርቅ አህያ ለማምጣት ነው። ሰው ሁሉ ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ ደሴ በሚሄድበት ሳምንት ለአሻንጉሊት ብዬ መንገድ ወጣሁ ስል የሚስቅብኝ ቢኖር አልፈርድበትም። ባለቤቴ ደምሴም ሊስቅ ጀምሮ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በጦርነቱ ባለፈው ዙር ከተማችን ስትያዝ ደምሴ አልነበረም። “ሁለት ቀን ብቻ” ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ደሴ ሄዶ መንገዱ ተዘጋበትና ወራት ቀረ። እኔና ያኔ አምስት ዓመቷ የነበረችው ልጃችን ሶልያና ብቻችንን ሰነበትን። መብራት የለም፣ ስልክ የለም። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲመጣ ልጄ ሁለት ጆሮዋን ይዛ አልጋ ሥር ትገባ ነበር። እኔ የአፀደ ሕፃናት መምህርት ነኝ፤ ለክፍሌ ልጆች ከቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት መስፋት ልማዴ ነው። ያን ጊዜ ግን እቤት ቁርጥራጭ አልነበረም፤ የደምሴን የሰርግ ሰደርያ ከቁም ሣጥን አውርጄ ቀደድኩት። ግራጫ ነበርና አህያ ወጣው። ጨርቁ ስላላደረሰኝ ቀኝ ጆሮዋ ከግራው በግማሽ አጠረ። የሰደርያው ኪስም ሆዷ ላይ እንዳለ ቀረ።

ሶልያና “ዳለቻ” ብላ ስም አወጣችላት። ከዚያ ወዲያ ድምፅ ሲመጣ የምትይዘው የራሷን ጆሮ ሳይሆን የዳለቻን ረጅሙን ጆሮ ሆነ። ደምሴ ተመልሶ ሰደርያውን ሲፈልግ እውነቱን ነገርኩት። “ሰደርያዬን አህያ አደረግሽው?” አለ። “የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ሰደርያው ግን አስጥሎናል” አልኩት። ሦስታችንም ሳቅን። መሳቅ የቻልነው እሱ ስለተመለሰ ነበር።

በኋላ የዳለቻን ፎቶ አንዲት ደሴ ውስጥ የልጆች ዕቃ የምትሸጥ ሴት አየችውና ስድሳ እንድሠራላት ጠየቀችኝ። “ብቻ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አንዱ ከአንዱ ከተለየ አልረከብም” አለች። ስድሳ አህያ በአንድ እጅ አይሰፋም። ስለዚህ መርሳ ያለው ልብስ ሰፊ ጋሽ ተፈራ ጨርቁን ቆርጦ በስፌት መኪና እንዲገጣጥመው፣ ግራና በምትባለው መንደር ያሉት እማ ዘሃራና አራት ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ጥጥ ሞልተው፣ ዓይን ጠልፈው በእጅ እንዲጨርሱት ተስማማን። ዳለቻ ለናሙና ሄደች። ለልጄ “አንድ ሳምንት ብቻ” አልኳት። ሦስት ሳምንት ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት ከቆቦ በኩል ወሬ መጣ። ወሬው ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ ነው። ደምሴ ከአንድ ወዳጁ አይሱዙ ላይ ለነገ ንጋት ቦታ አገኘልን። ሶልያና ግን ዳለቻ ሳትመጣ አልሄድም አለች።

“መንገዳችን በመርሳ አይደለም እንዴ? ነገ ስናልፍ እንወስዳታለን” አለ ደምሴ።

“ግራና ከመርሳ ወጣ ብላ ናት። ሠላሳ ሰው የጫነ አይሱዙ ለአሻንጉሊት ብሎ ይታጠፋል?”

“እንግዲያ እኔ ልሂድ።”

“አንተማ አንዴ ሄደህ አይተንሃል።”

ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ አንገቱን ደፋ። የሴቶቹን ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነገሩን አለዘብኩ፣ እውነትም ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት እመለሳለሁ ብዬ ስወጣ ሶልያና ከበሩ ጠራችኝ።

“እማዬ፣ እንደ አባዬ እንዳትቀሪ።”

ጠዋት፣ ወልድያ መናኸሪያ

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያው አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሚኒባሶቹ የሚጠሩት ደሴን ብቻ ነው፤ ለመርሳ የሚወርድ አንጭንም አሉኝ። የደሴውን ታሪፍ እጥፍ ከፍዬ ገባሁ። አጠገቤ የዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነ ወጣት መጽሐፍ የሞላ ካርቶን ታቅፎ ተቀምጧል። ወዴት ነው ስለው “ለዕረፍት” አለኝ። ከኋላችን ያሉት እናት ከነድስታቸው ለቅሶ ሊደርሱ ነው፤ ሹፌሩ ራሱ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ሐኪም ጋ እየወሰደ ነው። ያን ቀን ወልድያ ውስጥ የሚሸሽ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ጉዳይ ነበረው።

እኔም “መርሳ ዕቃ ላመጣ” አልኩ። ዛሬውኑ እንደምመለስ ስነግራቸው ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ከመስኮቱ መኪና መቁጠር ያዝኩ። ከእኛ ጋር ወደ ደቡብ የሚሄደው ብዙ ነው፤ ከፊታችን ወደ ወልድያ የሚመጣው ግን እስከ ሲሪንቃ ድረስ አራት ብቻ። ሲሪንቃ የእርሻ ምርምሩ አጥር ውስጥ ማሽላው በየመደቡ ቆሟል፤ በየመደቡ ራስ ላይ ቁጥርና ስም የተጻፈባት ትንሽ ሰሌዳ ተተክላለች። መምህሩ አይቶ “ማሽላው እንኳ መታወቂያ አለው” አለ። ማንም አልሳቀለትም፤ ኬላው ላይ የእኛን መታወቂያ እየሰበሰቡ ነበር።

መርሳ

ሦስት ሰዓት ሲሆን መርሳ ወረድኩ። ገበያው ቆሟል፣ ግን የተለመደው ጫጫታ የለውም። ፓፓያው ተቆልሎ ጫኝ መኪና አጥቷል። አንዲት ሻጭ ሁለቱን በአንዱ ዋጋ ልትሰጠኝ ስትለምነኝ አንድ ገዛሁና ትልቁን ጨምራ ከቦርሳዬ ከተተችው።

ጋሽ ተፈራን ሱቁ ውስጥ የስፌት መኪናውን ራስ ከጠረጴዛው እየፈታ አገኘሁት። ባለፈው ዙር አንዱ መኪናው ተወስዶበታል፤ ይህንን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሊደብቅ ነው። የት እንደሚደብቀው አልጠየቅሁትም፤ መጠየቅ ነውር በሆነበት ጊዜ ላይ ነን።

“ምን ልትሠሪ መጣሽ አንቺ?” አለኝ ደንግጦ። “የኔን ድርሻ ጨርሼ ወደ ግራና ከላክሁ ሰነበትሁ። ጆሮውን እኩል አድርጌ፣ ስድሳውን እንደ ሰልፈኛ አስተካክዬ ነው የላክሁት!”

“አውቃለሁ ጋሽ ተፈራ። የመጣሁት ለናሙናዋ ነው። የልጄ ናት።”

ብሎኑን መፍታቱን ቀጠለ። “እንዲያ ከሆነ ቶሎ በይ” አለ በመጨረሻ። “ከስምንት ሰዓት ወዲያ ወደ ላይ የሚሄድ መኪና አታገኚም። የሚመጣውም ቢሆን ሰው ሊያወጣ ነው የሚሄደው።”

ለደምሴ ደወልኩለት፣ ደህና ናቸው። ሶልያና በስልኩ “አገኘሻት?” አለችኝ። ገና ነኝ ስላት ስልኩን ለአባቷ መለሰችለት።

ግራና

የባጃጅ ሹፌሩ ሰዒድ ይባላል፤ ደርሶ መልስ ሦስት መቶ ብር ተስማማን። መንገዱ የክረምት ጭቃ ነው። በየጉድጓዱ “አብሽሪ፣ አብሽሪ” እያለ ያረጋጋኛል፤ ግን እሱ ራሱ ቆም እያለ ወደ ሰሜን ያዳምጣል። ግማሽ መንገድ ላይ ስልኬን ሳይ ኔትዎርክ የለም። ተራራው ነው አልኩ። ሰዒድ የራሱን አየ፤ “የኔም ጠፋ” አለ። ባለፈውም ጊዜ መጀመሪያ የጠፋው ስልኩ ነበር። ተመለስ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ባዶ እጄን ልጄ ፊት ስቆም ታየኝና ተውኩት።

እማ ዘሃራ ቤት አምስቱም ሴቶች ተሰብስበው መርፌ ይዘው ነበር። እንደ እኛ መናኸሪያ ወሬ የለም፤ ከጥጡ ክምር ዙሪያ ተቀምጠው የመጨረሻዎቹን ሆዶች እየሰፉ ነው። እማ ዘሃራ ከመቀመጫቸው ሊነሡ ሲሉ ጉልበታቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው።

“አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ሰነበቱ እማ ዘሃራ?”

“አልሐምዱሊላህ። ወላሂ ዛሬ ልብሽ ነገረሽ! አለቀልሽ እኮ፣ ሁለት ቀረ።”

ጥጉ ላይ ሁለት ጆንያ ቆሟል። አንዱን ፈታሁትና እጄን ሰድጄ የመጀመሪያዋን አህያ አወጣሁ። ቀኝ ጆሮዋ አጭር ነው። ሁለተኛዋን አወጣሁ፤ አጭር ነው። ሦስተኛዋም፣ አሥረኛዋም። ሆዳቸው ላይ ደግሞ እያንዳንዳቸው ኪስ አላቸው።

“እማ ዘሃራ፣ ጆሮዋ…” ብዬ ቀረሁ።

“አየሽው?” አሉ በኩራት። “ያ የመርሳው ሰውዬ ተሳስቶ ነበር። ሁለቱንም እኩል አድርጎ ላከው። አይዟችሁ አልኩና ከናሙናይቱ ጋር እየለካን ሁሉንም በመቀስ አስተካከልንልሽ። ኪሱንም ረስቶት ነበር ጉደኛው። ከትርፍራፊው ጨርቅ እየቆረጥን ገጠምንለት።”

“ስድሳውንም?”

“ስድሳውንም! አንዲት ነገር እንዳትለቁ ብለሽ ሦስቴ ተናግረሽ የለ?”

ተናግሬያለሁ። ለጋሽ ተፈራ ጆሮውን እኩል አድርግ፣ ኪሱን ተወው ብዬ የካርቶን ቅድ ሰጥቼዋለሁ፤ ለእነሱ ግን ዳለቻን ሰጥቼ “ልክ እሷን” አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቢሆንም ተናደድኩ፤ የተናደድኩትም በእነሱ አልነበረም፣ በስልኩ፣ በመንገዱ፣ በወሬው ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

“ኪሱስ ለምን መሰላችሁ?” አልኩ፤ ድምፄ ከረር ብሎ ነበር።

ሴቶቹ ተያዩ። እማ ዘሃራ መርፌያቸውን ሻሻቸው ላይ ሰኩ።

“ለስም ነዋ” አሉ። “ባለፈው የሸሸው ሰው በዚህ ሲያልፍ አንዲት ልጅ ቀረች። ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። አባትሽ ማን ይባላል ስንላት አባባ ትላለች፤ አገርሽ ስንላት ቤታችን ትላለች። ሃያ ሦስት ቀን ከእኔ ጋር አደረች። እናቷ በስንት ልፋት አገኘቻት። ያቺ ልጅ ከእጇ የማትለያት አንዲት የጨርቅ ሕፃን ነበረቻት። የአንቺን አህያ ከነኪሷ ሳይ፣ ይችማ አስተማሪ ናት፣ አስባበት ነው አልሁ። ልጅ ሁሉን ቢጥል መጫወቻውን አይጥልም። ስሙ ተጽፎ እዚያ ይያዝለታል።”

አላሰብኩበትም ነበር። ጨርቅ አልቆብኝ ነው። ይህንን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ የአምስቱን ፊት አየሁና ዘጋሁት። ኀፍረት ተሰማኝ፤ ዛሬም ሳስበው ይሰማኛል።

“ናሙናዋስ የታለች?” አልኩ ዝቅ ብዬ።

አንደኛዋ ሴት አፏን በእጇ ያዘች። “ቆሽሻ ነበርና አጥበናት… ከእነዚያው ጋር ገባች መሰል።”

የሁለቱንም ጆንያ አህዮች ምንጣፉ ላይ ዘረገፍናቸው። ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም ባለ አንድ ተኩል ጆሮ። ሰዒድ በበሩ ብቅ ብሎ “እንሂድ እንጂ እቴ፣ ሰዓቱ” ይላል። አንድ በአንድ ጣቴን ወደ ኪሳቸው ሰደድኩ። ጨርቅ፣ ጨርቅ፣ ጨርቅ። ወደ አርባዎቹ ገደማ ስደርስ ጣቴ የሐር ገበር ነካ፤ የደምሴ ሰደርያ። ይዣት አለቀስኩ። እማ ዘሃራ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው “አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ከልጅሽ ያገናኝሽ” አሉኝ። ሁለት ሆድ ሰፍተው ጨረሱ፣ ጆንያዎቹን ባጃጁ ላይ ጫንን፣ ፓፓያዎቹን ትቼላቸው ወጣሁ።

ዳግመኛ መርሳ

ስምንት ሰዓት አልፏል። ጋሽ ተፈራ አህዮቹን ሲያይ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ከዚያ ባለሙያ ነውና መላ አመጣ። “ረጅሙንም ልቁረጠው፤ ሁለቱም አጭር ይሁኑና እኩል ይሆናሉ።”

“ይቅር ጋሽ ተፈራ።”

“ሴትዮዋ አትረከብሽም እኮ!”

“ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁኑ ነው ያለችው። አንድ ዓይነት ናቸው። ልጅ ሲፈራ የሚይዘውም ረጅሙን ነው።”

ከሱቁ ወረቀት ለምኜ ለደሴዋ ሴት ኪሱ ለምን እንደሆነ ጻፍኩላት፤ ሐሳቡ የእማ ዘሃራ መሆኑንም ጨመርኩ። ጆንያዎቹን ለደሴ ሚኒባስ ረዳት ሰጠሁ። አንዷን ብቻ ለራሴ አስቀረሁ፤ ለምን እንዳስቀረኋት ያኔ አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ከወልድያ የሚመጣው መኪና ጣሪያው ላይ ሳይቀር ሰው ጭኗል፤ ወደ ወልድያ የሚሄድ ግን የለም። ስልኩ አልተመለሰም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ደምሴ ያን ጊዜ ደሴ መናኸሪያ ላይ እንዴት እንደቆመ ሁሌ ይነግረኝ ነበር፤ ሁሌም “ለምን በእግርህ አልመጣህም?” እለው ነበር። አሁን እግሬን አየሁት። መንገዱን አየሁት። በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ባዶ ሚኒባስ ወደ ሰሜን ታጠፈ። ሹፌሩ እናቱን ሊያወጣ የሚሄድ የመርሳ ሰው ነው። ጋሽ ተፈራ መንገድ መሀል ቆሞ እጁን ዘርግቶ አስቆመልኝ፤ ለሚሰፋው ልብስ ሁሉ ደንበኛ እንደዚያ ቢቆምለት እኮ ሀብታም በሆነ ነበር። ሹፌሩ ገንዘብ አልቀበልም አለኝ።

ሲሪንቃ

ኬላው ላይ አስወረዱን። የሚፈትሹት ሽማግሌ ሚሊሻ ናቸው፤ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው አንግተው ሁለቱን አህዮች ከቦርሳዬ አወጡ።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“የልጅ መጫወቻ ነው አባቴ።”

ሆዳቸውን ጨመቅ ጨመቅ አደረጉ። አንድ ወጣት ሴንጢ አውጥቶ ቀረበ። ሽማግሌው በእጃቸው መለሱት፤ ጣታቸውን ወደ ዳለቻ ኪስ ሰደዱ።

“ኪሱስ ምን ይሠራል?”

“የልጅ ስም ይያዝበታል። ልጅ ብትጠፋ የማን እንደሆነች እንዲታወቅ።”

ሁለተኛይቱንም አዩ። ሁለቱንም መልሰው ሰጡኝ።

“ደግ ብልሃት ነው” አሉ። “ታዲያ ባዶውን ምን ያደርጋል?”

“ግቢ፣ ግቢ፣ አይምሽብሽ” አሉኝ። እስክርቢቶ ቦርሳዬ ውስጥ ፈለግሁ፤ መርሳ ረስቼዋለሁ። የቀረውን መንገድ ሁለቱን አህዮች ደረቴ ላይ ይዤ መጣሁ።

ወልድያ

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ በራችን ደረስኩ። ደምሴ ደጅ ቆሞ ነበር፤ ሲያየኝ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሶልያና ሁለቱን አህዮች አየችና አንዴም ሳትሳሳት ዳለቻን ነጠቀችኝ። አሸተተቻት፤ ፊቷ ተኮሳተረ።

“ማን አጠባት?”

“እማ ዘሃራ የሚባሉ ጥሩ ሴትዮ።”

“ሁለተኛ እንዳያጥቧት” አለችና ረጅሙን ጆሮ ያዘች።

መንገድ ሰውን ያስተምራል ይባላል። እኔን ያስተማረኝ አጭር ነው። የሥራዬ ጉድለት መስሎኝ ላስወግደው የፈለግሁት ነገር ለሌላ ሰው የሥራው ዋና ነገር ነበር፤ ያንንም የነገሩኝ ጥፋት ሠሩ ብዬ ልቆጣቸው የደረስኩ ሴቶች ናቸው። እማ ዘሃራን ሳገኛቸው እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

ዕቃችን በር ላይ ተደርድሯል። ከሶልያና ደብተር አንድ ገጽ ቀድጄ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ወልድያ ብዬ፣ ከሥሩ የስልካችንን ቁጥር ጻፍኩ። አጣጥፌ ዳለቻ ኪስ ውስጥ ስከት ታየኛለች። ከዚያ ሁለተኛይቱን አህያ አነሣች።

“ይቺስ የማን ናት?”

“የእኔ ናት።”

ጣቷን ወደ ኪሱ ሰደደች። “ባዶ ነው” አለች። “አንቺ ብትጠፊስ?”

ሌላ ገጽ ቀደድኩ። ትዕግሥት ብዬ ስሜን ጻፍኩ፤ ቀጥዬ ምን እንደምል ትንሽ አሰብኩና “የሶልያና እናት” ብዬ ጨመርኩ። ገና ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት። ራሷን ነቀነቀች፤ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ራሷ አጠፈችው፤ ከተተችውና እንዳይወጣ ኪሱን በመዳፏ ተጫነችው።